ለአውሮፕላን ቅብ የተደረገ ዱዓ

ይድረስ ለምወድዎትና ዛሬ ለተቀየምኩዎት አባቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ያ ጉልበትዎ ብርድ ሲነካው መጠዝጠዙን ተወ ወይስ አሁንም የስፌት መኪናውን ፔዳል በአንድ እግር ነው የሚረግጡት? ዓይንዎስ እንዴት ነው? መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አሁንም አብዱረህማን ከጨዋታው እየተጠራ ይመጣል? እማዬ ደህና ናት? ስኳሯን ተለካች? ላሚያ ፈተናዋን እንዴት አደረገች? ዝናቡስ ሞያሌን አሰባት ወይስ እንዳምናው ደመናውን አሳይቶ ሄደ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ለወጉ አይደለም። በእውነት ደህና ነኝ። ይህችን ቃል እባክዎ ደግመው ያንብቧት፤ የዚህ ወረቀት ጉዳይ ሁሉ እሷው ናት።

ሰላምታዬ ከልቤ ነው፤ ንዴቴም ከልቤ ነው። አንዱን ለማሳመር ብዬ ሌላውን አልደብቅም። ደውዬ በአፌ ልነግርዎት ነበር፤ እርስዎ ግን የእኔን ቁጥር ሲያዩ ስልኩን ማንሳት ትተዋል። እማዬም አንድ ጊዜ አንስታ፣ ዱዓ እያደረግንልሽ ነው ብላኝ እያለቀሰች ዘጋችው። ስለዚህ በእስክሪብቶ መጣሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ነገሩን እንዴት እንደሰማሁት ልንገርዎት። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ከማታቱ ሚኒባሱ እንደወረድኩ ራጃን አገኘኋት። የጎረቤታችንን ልጅ ራጃን፣ ከሞያሌ እየተመላለሰች እዚህ ጨርቅና ጫማ የምትገዛዋን። የአገሬን ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ልስማት ስጠጋ፣ ሁለት እጆቼን ይዛ ዓይኔን አተኩራ ታየው ጀመር። እንደሚገዛ በግ ሽፋሽፍቴን ገልባ ልታይ ምንም አልቀራትም። ከዚያ እንባዋ ሞላና አላህ ያሽርሽ አለችኝ። ምን ሆኜ ብላት፣ አትደብቂኝ እህቴ፣ ጁምዓ ዕለት አባትሽ መስጊድ ውስጥ ዱዓ አስደርጎልሻል፣ ጀማው በሙሉ አሚን ብሎልሻል፣ ከሱሱ ትወጫለሽ አለችኝ። አቮካዶ ከሚሸጡት ሴቶች መሀል እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ።

ሱስ፣ አባዬ! እኔ ልጅዎ ፋኢዛ፣ ሻይ እንኳ ሲጠነክርብኝ ልቤ የሚመታ፣ አደንዛዥ ዕፅ ትወስዳለች ተብዬ ከኢማሙ ጀምሮ እስከ ጫማ ጠባቂው ድረስ አሚን ተባለልኝ። በማግስቱ የማታቱ ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ እንኳ እሱም የሰማ እየመሰለኝ ነበር።

ወሬው ከየት እንደተነሳ ለማወቅ ሩቅ አልሄድኩም። እንደሚያውቁት የማድረው አክስቴ ዛራ ቤት ነው፤ የእኔን አልጋ ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ልጇ አቡዘር ደግሞ ሥራ የለኝም ባለ ቀን ሁሉ እዚያ ሳሎን ተቀምጦ ጫቱን ጉንጩ ላይ ወጥሮ ይውላል። አንድ ቀን ከጽጌረዳ ጋር በስልክ ሳወራ ሰማኝ። ጽጌረዳ አብራኝ የምትማር፣ ካሳራኒ የምትኖር የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ያልኳት ቃል በቃል ይኸው ነው፤ ዛሬ ዶፑ አናቴ ላይ ወጣ፣ ነገ ደግሞ ሦስተኛውን ዙር እንደግማለን አልኳት። ወላሂ ብያለሁ። አልክድም። ናይሮቢ ተወልዶ ላደገ ልጅ ታዲያ ዶፕ ማለት በየሥርቻው የሚሸጥ የሚያደነዝዝ ነገር ነው። በዚያ ላይ ልብሴ ይሸታል፣ ዓይኔ ይቀላል። አቡዘር ጫቱን እንኳ ሳይተፋ ለእርስዎ ደወለ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እሱ ነው። እኔን ለመጠየቅ በመጋረጃው በኩል ድምፁን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃው ነበር። ለእሱ ጉንጭ ዱዓ ያስደረገ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ለአክስቴ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ አባስኩት። ዶፕ ያልሽው ምንድን ነው ብላ ስትይዘኝ ባማርኛ ቃል አጣሁና፣ የጨርቅ መድኃኒት ነው አልኳት። መድኃኒት የሚለውን ብቻ ሰማች። እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ ምንሽን ታመሽ ነው መድኃኒት የምትወስጂ እያለች ጮኸች። የምወስደው እኔ አይደለሁም፣ ጨርቁ ነው የሚወስደው ብላት እብደትም ተጨመረልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በር ላይ ትቀበለኝና እንዳደረ ወተት ታሸተኛለች። ማንኪያዎቹን ሁሉ ሰብስባ ቆልፋባቸዋለች፤ ዕፅ በማንኪያ እንደሚቀልጥ አቡዘር ከስልኩ ላይ አሳይቷት ኖሯል። ሻዬን በእስክሪብቶ ነው የማማስለው፣ በዚሁ በምጽፍልዎት።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ላስረዳዎት። ለሌላ ሰው ቢሆን ይከብደኝ ነበር፤ ለልብስ ሰፊ ግን ቀላል ነው። እንደሚያውቁት የምማረው የአውሮፕላን ጥገና ነው፤ የድሮ አውሮፕላን ደግሞ ቆርቆሮ አልነበረም፣ ጨርቅ ነበር። መጀመሪያ የክንፉን አጽም ከእንጨት ያዋቅራሉ። በክንፉ ቁመት የሚሄደው ወፍራሙ እንጨት እንደ ጀርባ አጥንት ሸክሙን ይችላል፤ በእሱ ላይ በተርታ የሚሰኩት ቀጫጭኖቹ ደግሞ የጎን አጥንት ይባላሉ። በዚያ ላይ ከተልባ ክር የተሠራ ጠንካራ ጨርቅ እናለብሰዋለን። በረጅም መርፌና በሰም በታሸ ክር ክንፉን ከላይ እስከ ታች እየበሳን፣ ጨርቁን ከየጎን አጥንቱ ጋር እንሰፋዋለን። ያም ሆኖ ጨርቅ ጨርቅ ነው፤ የቱንም ያህል ቢስቡት ይላላል፣ ነፋስም ያሾልካል። ስለዚህ ዶፕ የሚባል ቅብ ይቀባል። መጀመሪያ ሲቀቡት ጨርቁ እንደ ራሰ ነጠላ ይልፈሰፈስና የተበላሸ ይመስላል። ሲደርቅ ግን ክሩን ሰብስቦ ሰብስቦ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል። አንድ ዙር ስለማይበቃ ይደገማል፣ ይሠለሳል። ሽታው ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ፈሳሽ ሽታ ነው፤ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ብንሠራም ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያቃጥላል። እርስዎ የሙሽራ ሸሚዝ ኮሌታ በስታርች አድርቀው አይተኩሱም? ያው እሱ ነው። የክንፍ ስታርች ነው። ሞያሌ በሙሉ አሚን ያለው ለስታርች ነው፣ አባዬ።

ይህ ሁሉ ለእርስዎ ባዕድ ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልቃጠልም ነበር። ትምህርቱን የጀመርኩ ሰሞን ከመግሪብ በኋላ እየደወልኩ የተማርኩትን ቃል ሁሉ እነግርዎት የነበረውን ረሱት? እኔ የእንግሊዝኛውን ስም እነግርዎታለሁ፣ ሥራውን አስረዳለሁ፣ እርስዎ ያማርኛውን ያወጡልኛል። የክንፉን የፊት ጠርዝ ግንባር ያሉልኝ፣ የኋላውን ቀጭን ጠርዝ ዘርፍ ያሉልኝ እርስዎ ነዎት። እኔና ጽጌረዳ ዛሬም ግንባርና ዘርፍ እያልን ነው የምንግባባው። ስቶል የሚባለውን ቃል የነገርኩዎትን ቀንማ አልረሳውም። እኔ መኪና ላይ እንደሚሉት ሞተር መጥፋት መስሎኝ ነበር። አስተማሪያችን ሚስተር ሙቲሶ ግን ሞተሩ እያጓራም ስቶል አለ አለን። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ያለ ልክ ወደ ላይ ስታቀና፣ ነፋሱ ከክንፏ ጀርባ ላይ ይላቀቅና ክንፏ ሊሸከማት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ትወድቃለች። ይህን ስነግርዎት መቀሱ ሲቀመጥ በስልክ ተሰማኝ። ነፋስ ነሣት በይው አሉኝ። ከዚህ አሳምሮ የሚተረጉመው ሰው የለም። አሁን አቡዘር አፍንጫውን ሰቅሎ እያጓራ ባጠገቤ ሲያልፍ በሆዴ ነፋስ ነሣው እላለሁ።

ለዚያ ሁሉ ቃል ስም ያወጡት እርስዎ፣ አንዲቷን ቃል፣ ዶፕን፣ ከእኔ ሳይሆን ከአቡዘር ሰሙና ፈረዱ። ይህ ነው ያንገበገበኝ። አቡዘር ሞኝ ነው፤ ሞኝ ቢያወራ ምን ይገርማል። እርስዎ ግን አስር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ እያሉ ያሳደጉኝ ሰው ነዎት። አብዱረህማን ሳይለካ ጨርቅ ላይ መቀስ ያሳረፈ ቀን እጁን በሜትሩ እንጨት የመቱት እርስዎ ነዎት። የእኔን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለኩ ቆረጡት። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እርስዎ ሐሳቡን ትተው ሕዝብ ጨመሩበት። ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ነው ይሉኝ ይሆናል። ያልተቃጠለ ቤት ላይ ውሃ ሲደፋ ግን የሚበላሸው ዕቃው ነው። የእኔ ዕቃ ስሜ ነበር።

እውነት ለመናገር ያ ሳምንት ትምህርት ቤትም አልቀናኝም፤ ንዴቱ ተደራርቦ ነው የመጣብኝ። ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው የመማሪያ ጋራዣችን ውስጥ አንዲት አሮጌ ቢጫ አውሮፕላን አለች። ክንፎቿ ድርብ ናቸው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ሙቲሶ ጨርቁን ያልተረዳ ቆርቆሮውን አይረዳም ስለሚል፣ የጥንቱን አሠራር የምንማረው በእሷ ላይ ነው። ለእኔ የታችኛው ክንፍ ደረሰኝ። ጨርቁን እየዳሰስኩ ስመረምር ከሥሩ፣ ዘርፍ ካሉኝ ጠርዝ አጠገብ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ ቀዳዳ አይታ ታልፋለች? መርፌዬን አነሳሁ። እርስዎ ለመምህራኑ ሱሪ እንደሚያደርጉት ክሩን ከክር እያጠላለፍኩ፣ ጥፍር እንኳ እንዳያገኘው አድርጌ ደፈንኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። ይሙገሰኝ ብዬ ሙቲሶን ጠራሁት።

መነጽሩን አድርጎ በጣቱ ፈለገው፤ አጣው። የቱ ጋ ነበር አለኝ። በኩራት አሳየሁት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ታዲያ ውሃው በየት ይውጣ አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለካ ቀዳዳዋ ሆን ተብላ የተበሳች ናት፤ ዙሪያዋን የሚይዛት ቀለበት ወልቆ ስለነበር ነው የተቀደደች የመሰለችኝ። ዝናቡም ጤዛውም ክንፉ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። መውጫ ካጣ ግን እዚያው ይተኛና ሙጫውን ያላቅቃል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ጨርቁ ከላይ እንደተወጠረ፣ እንዳማረ ነው፤ ከውስጥ አልቋል። አንድ ቀን አየር ላይ ይሰበራል። ሙቲሶ ይህን ብሎ ስፌቱን ራሴን አስተረተረኝ። እንዲህ መስፋት ከየት ተማርሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ከአባቴ አልኩት። እዚህ አገር ልብስ ሰፊውም አውሮፕላን ጠጋኙም ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ፉንዲ ይባላሉ። እና የፉንዲ ልጅ ነሽ በይኛ፣ ፉንዲ ቀዳዳ ከመድፈኑ በፊት የምን ቀዳዳ እንደሆነ ይጠይቃል አለኝ። ከፊቱ ዘወር ብዬ አለቀስኩ፤ በስፌቱ አዝኜ አልነበረም። እርስዎ ትዝ ብለውኝ ነው። እርስዎም እኔ ላይ ቀዳዳ ያዩ መሰለዎትና ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሊደፍኑኝ ተነሱ።

አሁን ደግሞ ትምህርቱን ጥላ በሰኞው አውቶቡስ ትምጣ ብለው ለአክስቴ አዘዋል። አክስቴ ቲኬቱን ቆርጣ ሻንጣዬን በር ላይ አቁማዋለች። ክንፋችን የሚመረመረው ሐሙስ ነው። ያን ቀን ያልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የክንፍ ጨርቅ ማልበስ የሚያስተምር ቦታ ብዙ አይደለምና ይህንን ዕድል ደግሜ አላገኘውም። ስለዚህ አባዬ፣ አልመጣም። እንዲህ ያለ ቃል ለእርስዎ ተናግሬም ጽፌም አላውቅም። ግን አልሰርዘውም።

አሁን ብመጣ ምን እንደሚሆን ይታየኛል። ሰው ሁሉ ዱዓው ሠራ ይላል። ጎረቤት አልሐምዱሊላህ እያለ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ከልጆቻቸው አጠገብ ስቀመጥ በዓይናቸው ይከተሉኛል። የሚያጨኝ ቢመጣም፣ አሁን እኮ ትታዋለች ተብሎ ይነገርለታል። ካልያዘኝ በሽታ የዳንኩ ሆኜ ዕድሜዬን ልፈጅ ነው። ይህንን አልቀበልም። እርስዎም ቢሆኑ በልጅዎ ላይ ይህን አይፈርዱም ብዬ አምናለሁ፤ ያመንኩት ባይሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በእኔ ፋንታ የሚመጣው ይህ ደብዳቤ ነው። ራጃ ነገ ስለምትሳፈር በእጇ ታደርስልዎታለች። ፖስታው ውስጥ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አለ። ከክንፉ የተረፈ ነው፤ እኔው ሰፍቼ፣ እኔው ሦስት ዙር ቀብቼዋለሁ። ያሽትቱት። በጣትዎ መታ ያድርጉት፤ ይናገራል። ራጃ ገና አፍንጫዋ ጋ ስታደርሰው፣ ውይ የጥፍር ቀለም ብላ ሳቀች፤ ከዚያ አፍራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ስፌቱን ግልብጥ አድርገው ይዩት፤ ከተጣመመ ይፍረዱ፣ ከተቃና ይመስክሩ። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ይዩኝ። ከዚያ አንድ ነገር ነው የምለምንዎት። ጁምዓ ሲደርስ ይህን ቁራጭ ይዘው ዱዓውን ያስደረጉበት ቦታ ይቁሙ። አሚን ያለ ሁሉ ተቀባብሎ ያሽትት። ልጄ አውሮፕላን እየሰፋች ነው ይበሉልኝ። ክፉው ወሬ በጀማ ፊት ከወጣ፣ እውነቱ በጓዳ ሊነገርልኝ አይገባም።

ደግሞም ለዶፕ ስም አላወጡለትም። ግንባር አለን፣ ዘርፍ አለን፣ ነፋስ ነሣት አለን፤ እሱ ብቻ ስም አጥቶ ነው ይህን ሁሉ ጉድ ያመጣብኝ። ቁጣዎ ሲበርድ ያስቡበት።

ይህን ያህል በመናገሬ ድፍረት ከሆነ አፉ ይበሉኝ። ዝም ብዬ ብመጣ ኖሮ እጅዎን ስሜ፣ ራሴን ደፍቼ ከማሽኑ አጠገብ እቀመጥ ነበር፤ እርስዎም ልጄ ተመለሰች ይሉ ነበር። ውስጤ ግን ውሃ ተኝቶ ይቀር ነበር።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ አታልቅሺ፣ ልጅሽ የምትቀባው ክንፍ ነው ይበሏት። ስኳሯንም ትለካ። ላሚያን ጉንጯን ሳምኩ፤ ፈተናዋን ካለፈች ቢጫዋን አውሮፕላን ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ለአብዱረህማን፣ አባትህ ሲጠሩህ ሳታጉረመርም መርፌው ውስጥ ክር አስገባ፣ ደግሞ የምን አሚን እንደሆነ ሳታውቅ አሚን አትበል ይበሉልኝ። አክስቴ ዛራ ከእነኩርፊያዋ ሰላም ትላችኋለች፤ ማንኪያዎቹን ከመለሰች እኔም ሰላም እላታለሁ። ለኢማሙ የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ዱዓ የሚያደርጉለት ሰው ካጡ፣ ከጫት የሚያላቅቅ ዱዓ የሚያስፈልገው አንድ ወጣት ኢስትሊ አለ።

ከጨርቁ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያያሉ። እጅዎ ወደ መርፌ መሄዱ አይቀርም፤ አውቅዎታለሁ። መርፌውን ከማንሳትዎ በፊት ስልኩን ያንሱ።

ልጅዎ ፋኢዛ
ናይሮቢ፣ ኢስትሊ
እሑድ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.